ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ ጃዝ

የሙዚቀኛን ዕቃ መጫረት የሚያስቀይማቸው ሰዎች አይገቡኝም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የነፋው ሳክስፎን፣ ላቡን የጠረገበት መሐረብ፣ ኖታ የጫረበት የደብተር ቅዳጅ ከቁም ሣጥን ወጥቶ አዳራሽ ሲቀርብ «ነውር ነው፣ የሬሳ ገበያ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ከጨረታ አዳራሽ የበለጠ ሙዚቃ አክባሪ መድረክ አላየሁም። ለአንድ ትራምፔት ያን ያህል ሰው ኮቱን ቆልፎ፣ አፉን ዘግቶ የሚቀመጠው ሌላ የት ነው? ትራምፔቱ ሲነፋማ ግማሹ ታዳሚ ቁርጥ ያዝዝ፣ ግማሹ ቢራ ይጠራ ነበር።

ፈረንጅ ይህ ከገባው ቆይቷል። ቻርሊ ፓርከር ሳክስፎኑን ደጋግሞ መያዣ እያስያዘ ብር የሚበደር፣ በ1955 እ.ኤ.አ. በ34 ዓመቱ የተቀጨ ሰው ነበር። ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ከሳክስፎኖቹ አንዱ ኒውዮርክ ላይ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። የማይልስ ዴቪስ ትራምፔት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በ275 ሺህ ዶላር ተሸጠ። እንግዲህ ሙዚቀኛ ሆይ፣ ችግርህ የትዕግሥት ማነስ ነው፤ ሞተህ ትንሽ ብትጠብቅ ዋጋህ ይታወቅልህ ነበር። አበው «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ያሉትን አጫራቾች ለክተው በዶላር አረጋገጡት።

እኛም በዚህ ጉዳይ ከማንም አናንስም። ዓለም ስለ ጃዝ ሳያልም የጨረታን ጣዕም ቀምሰናል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ባረፉ በሳምንቱ፣ የእንግሊዝ ጦር ከግምጃ ቤትና ከቤተ ክርስቲያን የለቀመውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተጫረተ። ገንዘቡ ተከፋፍሎ ለተራው ወታደር አራት ዶላር ገደማ ደረሰው። ሐዘንተኛ ድንኳን ሳያፈርስ ዕቃ ማከፋፈል ይሏል ይህ ነው። ከዚያ ዘረፋ የመጣ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫ በ2013 ዓ.ም. ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ሲወጣ ኤምባሲያችን ጮኸና ጨረታው ተሰረዘ። እሰየው! ለንጉሥ ዋንጫ የሚጮህ ኤምባሲ አለን። ለሙዚቀኛ ዕቃ የሚጮህ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጠዋት ጠዋት በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች መካከል ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቆራሌው!» እያለ ያልፋል።

የቆራሌውን ጨረታ ያላየ ጨረታ አይቻለሁ አይበል። መሐንዲስ የለው፣ ኮሚቴ የለው፣ ደረጃ ሥር ይጀመራል፣ እዚያው ያልቃል። አንዲት እናት የባላቸውን ካርቶን ያወርዳሉ። ቆራሌው ሸክላውን ከልባሱ ያወጣል፣ በጥፍሩ ቆርቆር ያደርጋል፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ ያየዋል።

«እማማ፣ ይሄ ብረት የለውም።»

«ብረት አይደለም ልጄ፣ ዘፈን ነው።»

«ዘፈን አንገዛም። ፕላስቲኩን ግን እንመዝነዋለን።»

አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ! ልባሱ ለሱቅ በርበሬ መጠቅለያ ይሄዳል፤ ሸክላው ዕድለኛ ከሆነ መርካቶ ይደርሳል፣ ከዚያም ባሕር ይሻገራል።

ያ ሸክላ ከየት እንደመጣ ለማያውቅ፦ በአዋጅ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ወጣት በ1969 እ.ኤ.አ. እገዳውን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። ደርግ መጥቶ እስኪሰደድ ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። አገሪቱ በዚያ ዘመን በጠቅላላ ያሳተመችው 500 ያህል ትንንሽ ሸክላና 30 ያህል አልበም ነው። ተቆጥሮ የሚያልቅ ሀብት ነው፤ አንድ መደርደሪያ ይበቃው ነበር። መደርደሪያ ማቆም ግን በጀት ይጠይቃል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም። ዛሬ ከነዚያ ሸክላዎች የጠራ ቅጂ የተገኘለት ሰው በውጭ ጨረታ በብዙ መቶ ዶላር ይሸጠዋል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያሳተመውን አልበም የመጀመሪያ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ሻጩን የሚያገኘው እዚያው ባሕር ማዶ ነው። ልደታ ደረጃ ሥር በኪሎ፣ ፓሪስና ለንደን በፍሬ፤ ይህን ንግድ ወደ ውጭ መላክ ካላልነው ምን ልንለው ነው?

ለዚህ ነው ጨረታው በሕጋዊ መንገድ ይካሄድ የምለው፤ ቦታውም ልደታ ይሁን። ልደታ ሐራጅን ያውቃል። ፍርድ ቤቱ እዚያ ነው፤ የባለዕዳ ቤትና መኪና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲሸጥ የኖረበት ሰፈር ነው። ሰፈሩ ራሱም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ፣ ግቢው ሁሉ ፎቅ ሆኖ ስለተነሣ ያለፈውን ጠርጎ አዲስ ዋጋ ማውጣት አይከብደውም። ማስታወቂያውን አርቅቄያለሁ፦

«ለአገር ባለውለታ የሆኑት አንጋፋ የጃዝ ሙዚቀኛ ንብረቶች ባሉበት ሁኔታ በግልጽ ጨረታ ይሸጣሉ።

ምድብ 1፦ ቴነር ሳክስፎን፣ ሁለት ቁልፎቹ በላስቲክ የታሰሩ።

ምድብ 2፦ ጥቁር ሱፍ፣ ለሽልማት ቀን ብቻ የተለበሰ፤ ከነተሰጡት ጋቢዎችና ካባ ጋር።

ምድብ 3፦ የምስጋና ሰርተፍኬት፣ በጅምላ። መነሻ ዋጋው የፍሬሞቹ ዋጋ ነው።

ምድብ 4፦ ለሕክምናቸው እርዳታ የተለመነበት ባነር፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ አሁንም ይነበባል።

ምድብ 5፦ የቅጂ መብት ክፍያ ደረሰኞች። በመጋዘን ስላልተገኙ ከጨረታው ወጥተዋል።

ተጫራቾች የታደሰ ንግድ ፈቃድና የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ማቅረብ አለባቸው። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል። አጫራቹ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳልቀንስ የተውኳት ለእኩልነት ስል ነው። የአጫራቹ መብት በሕግ እንደተጠበቀ ሁሉ የሙዚቀኛውም መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠብቋል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ማሻሻያ ወጥቶለታል። እንዲያውም ከመጠበቁ ብዛት ባለቤቱም አግኝቶት አያውቅም። ዘፈኑ በሬዲዮ፣ በሆቴል ሎቢ፣ በሚኒባስ ሲያለቅስ ይውላል፤ ገንዘቡ ግን በጥብቅ ጥበቃ ሥር ነው።

«ታዲያ ድምፁስ?» የሚል ሞኝ አይጠፋም። ድምፅ ለጨረታ አይመችም። ጌታቸው መኩሪያን አስቡት። ገና በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነሥቶ፣ ከጦረኛ ጉሮሮ የሚወጣውን ሽለላ ወስዶ ለቴነር ሳክስፎን ያስረከበ፣ በ2008 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲቆም ያየው አይረሳውም። አስተዋይ ተጫራች የሚፈልገው ጎፈሩን ነው፤ ይሰቀላል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ለእንግዳ ይታያል። ሽለላውን ለማስቀረት ግን ሽማግሌውን በሕይወት ሳለ ትምህርት ቤት አስገብቶ፣ ደመወዝ ከፍሎ፣ ሃያ ልጅ ፊቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አሜሪካዊውን የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተንን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኒሻን የሸለምነው እኛ ነን፤ የእሱን የኖታ ወረቀት በ1988 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ቤተ መዘክር ያስገባው የገዛ አገሩ ነው። ሥራ ተከፋፍለናል፤ እኛ ሸላሚ፣ እነሱ ጠባቂ።

ደግሞ መጫረት አናውቅም እንዳይባል! ለደብር ሕንጻ ማሠሪያ አንድ ድፎ ዳቦ ወይም አንድ ጃንጥላ ሲጫረት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አሸናፊው ከፍሎ «ለቤተ ክርስቲያን መልሼዋለሁ» ይላል፣ ዳቦው እንደገና ይጫረታል፣ አመሻሹ ላይ ዳቦው እዚያው፣ ገንዘቡም እዚያው ነው። እንዲህ ያለውን ብልሃት ለሙዚቀኛ ማዋል ስላልፈለግን እንጂ ስላላወቅን አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያበላሽብኝ አንድ ከንቲባ አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያው ምስኪን ፓርከር የተጫወተበት ሌላ ሳክስፎን ለጨረታ ቀረበ። ነጭ የፕላስቲክ ሳክስፎን ነው፤ ልደታ ቢመጣ ቆራሌው ይመዝነው ነበር። ፓርከር ያደገባት የካንሳስ ሲቲ ከንቲባ፣ ቄሱ ኢማኑኤል ክሊቨር፣ 93,500 ፓውንድ ከፍለው ለከተማቸው ገዙት፤ ዛሬ እዚያው የጃዝ ቤተ መዘክር ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤት ለፕላስቲክ ሲጫረት! የእኛው ማዘጋጃ ቤት ጨረታ ላይ የሚታየው መሬት በካሬ ሲሸጥ ነው፤ የሚቀመጠውም በአጫራቹ ወንበር ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያዬ ላይ አንድ ማሻሻያ አድርጌያለሁ። ጨረታው ሰውየው በሕይወት እያለ ይካሄድ፤ ራሱም ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ሳክስፎኑ አይሸጥም፣ ይነፋበታል። ለጨረታ የሚቀርበው ዕዳ ነው፤ እሱ ያለበት ሳይሆን እኛ ያለብን። ሲፒኦ አያስፈልግም። ባለ ሬዲዮው፣ ባለ ሆቴሉና ባለ ሚኒባሱ ዘፈኑን ስንት ጊዜ እንዳጫወቱና ስንት እንደከፈሉ የሚያሳይ ደረሰኝ ይዘው ይምጡ። ደረሰኝ የሌለው ደግሞ አይቸገር፤ ልደታ ፍርድ ቤት ከሐራጅ ሌላ ክስም ይቀበላል።