ኮምባይነር አፍ

የልጅ ልጄ ራፐር ልትሆን ነው። ይህን ባሌ ሮቤ ገበያ ላይ ስናገር ሰው ያጽናናኛል ብዬ ነበር፤ «እሰይ!» አሉኝ። ድሮ እሰይ የሚባለው አስተማሪ እሆናለሁ፣ ነርስ እሆናለሁ፣ ሲናና እርሻ ምርምር እቀጠራለሁ ላለ ልጅ ነበር። ዛሬ ማይክ ጨብጣ ትንፋሽ ሳትስብ የምትለፈልፍ ልጅ አርቲስት ትባላለች። እኔ ዕድሜ ልኬን ትንፋሽ ሳልስብ ስናገር ግን የተባልኩት ነዝናዛ ነው።

ሙያውን አልነቀፍኩም፤ የከፋኝ ጥድፊያው ነው። ኮምባይነር የስንዴ ማሳ ውስጥ ሲገባ አይታችኋል? አገዳውንም፣ ፍሬውንም፣ አረሙንም አንድ ላይ ጎርሶ ይነጉዳል። የዚች ልጅ አፍ እንደዚያው ነው። ኮምባይነሩ እንኳ ፍሬውን ለይቶ ይሰጣል፤ እሷ ገለባውንም ምርቱንም ጆሮዬ ላይ ደፍታው ታልፋለች። ማበጠሩ የእኔ ድርሻ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ! ደግሞ በአማርኛና በኦሮምኛ እያፈራረቀች ነው። በኦሮምኛው ባለቤቴ ትስቃለች፣ በአማርኛው እኔ እናደዳለሁ፤ ቤታችን ሥራ አልፈታም።

አማርኛ ግጥም እኮ ጥድፊያ አይወድም። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ከተጣለ በኋላ ሰሚው ዝም ብሎ የሚቆፍርበት ጊዜ ይፈልጋል። ቆፍሮ ሲያገኘው «አሃ!» ይላል፣ ጎረቤቱን በክርኑ ይጎስማል፣ ጎረቤቱም ዘግይቶ ይስቃል። አንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ጋቢውን ሲከናነብ ነው የሚገባው። አሁን ግን የመጀመሪያውን ወርቅ ሳላወጣ አሥረኛው ስንኝ ይደርስብኛል፤ የቀረውን ደግሞ ከበሮው ይውጠዋል።

አስናቀች ወርቁ እንዲህ አልነበረችም። ክራሯን ታቅፋ አንድ ስንኝ ትጥልና ክራሩን ትነካካለች። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! ለእኛ ጊዜ እየሰጠችን ነው። በሴት ገጸ ባሕርይ ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ በነበረበት ዘመን መድረክ ላይ የወጣች ሴት ናት፤ ተዋናይም፣ ዘፋኝም፣ ገጣሚም። እንደ ክራር ተጫዋቿ ሜሪ አርምዴ ሁሉ ግጥሙን እዚያው ፈጥራ፣ ፊቷ ለተቀመጠው ሰው በልኩ ሰፍታ ታለብሰው ነበር። ዛሬ ፍሪስታይል ብለው የሚያስጨበጭቡበት ይኸው አይደለም? ያኔ ግን ክራር የያዘች ሴት ስሟ በበጎ አይነሳም ነበር። ፈረንሳዮች በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ 16ኛውን ቁጥር ለእሷ ብቻ ሰጥተው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ ነው ብዙው ሰው «የእኛዋ እኮ ናት» ያለው። በ2011 እ.ኤ.አ. አረፈች። እሰይታው ቸኩሎ አያውቅም፣ የሚቸኩለው ራፑ ብቻ ነው።

ስፖክን ወርድ የሚሉትም አለ። ግጥምን ሳይዘፍኑ በቃል ማቅረብ ነው ብላ የልጅ ልጄ አስረዳችኝ፤ ሙሾ አውራጅ የምትባል ሴት በዚህ አገር ያልነበረች ይመስል! በሕይወቱ አይታው የማታውቀውን ሟች ከትውልዱ እስከ ጀግንነቱ በስንኝ ስታወርደው ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን ይደቃል። ዋጋዋን የቆረጠባት ዘመድም በሚቀጥለው ለቅሶ ምን ተብሎ እንደሚወርድ ስለሚያውቅ አይከራከርም። የዛሬዋ ባለሙያ እንዲህ ያለ ማስፈራሪያ የላትም። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄደው ተጓዥስ ባህሮ የሚባለውን ዜማ እየተቀባበለ አይደል የሚደርሰው? ባሌ ግጥም ከአሜሪካ አላስመጣም።

ይህን ስላት ልጅቱ ስልኳን ከፍታ ታሪክ ታስተምረኝ ጀመር። ሂፕሆፕ ተወለደ የሚባለው ነሐሴ 11 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ብላ ድግስ አሰናዳች፤ ሴት በ25 ሳንቲም፣ ወንድ በ50 ሳንቲም ይገባ ነበር። ወንድሟ ክላይቭ ሸክላ አጫወተ። እሱ ኩል ሄርክ ተብሎ የሂፕሆፕ አባት ሆነ። አዳራሹን የተከራየችው እሷ፣ ስሙ የቀረው ለእሱ! ልጆቹ ከጃማይካ የመጡ ናቸው ስትለኝ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቀረበኝ። በሻሸመኔ ባለፍኩ ቁጥር ጃማይካውያንን ሳይ ኖሬአለሁ፤ አንዳቸውም ግን ይህ ጣጣ እንደሚመጣ አላስጠነቀቁኝም።

ከነገረችኝ ሁሉ የወደድኳት ራፐሯን ሎሪን ሂልን ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ብቻዋን አንድ አልበም አወጣች፣ በማግስቱ ዓመት አምስት ግራሚ ወሰደች፤ ከሂፕሆፕ የዓመቱ ምርጥ አልበም የተባለው የመጀመሪያው የእሷ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም አላወጣችም። የምትለውን ብላ ዝም! ጨዋ ማለት ይቺ ናት።

እንጀራውስ? «የኛ» የተባሉትን አምስት ልጆች አስታውሱ። በ2013 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ ድራማና በዘፈን ተነሥተው፣ ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ»ን እስከ መዝፈን ደረሱ። የእንግሊዝ ጋዜጦች «በግብራችን የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ ይቀለባሉ» ብለው ጮኹና በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ይሰጣቸው የነበረውን ገንዘብ አቋረጠ። ለንደን ያለ ሰው ቁርሱ ላይ ጋዜጣ ገልጦ ሲቆጣ አዲስ አበባ ያለች ልጅ በጀቷ ይታጠፋል። እኔ በመንግሥት እርሻ ግምጃ ቤት ስሠራ ቢያንስ የሚቆጣኝ አለቃ እዚያው ነበር።

ደህናው ነገር ራስ ሆቴል ሲካሄድ የኖረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ነው። እነ ምሕረት ከበደና ምስራቅ ተረፈ ያነበቡበት መድረክ ነው፤ ሙዚቃው ገጣሚዋን ይከተላል እንጂ አያሯሩጣትም። የእኛዋም እዚያ ካልሄድኩ ትላለች። ጎባም ሮቤም አዳራሽ ሞልቶ፣ ሮቤ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ፣ ግጥም ለመስማት አዲስ አበባ ድረስ!

ሰሞኑን ስቱዲዮ የምትቀዳበት ገንዘብ ጠየቀችኝ። ስንዴዬን ሸጬ እንደምሰጣት፣ ግን ከየሁለቱ ስንኝ በኋላ ለሽማግሌ የሚሆን ዝምታ እንድታስገባ ተዋዋልን። አስገባች። ቀድታ አምጥታ ስታሰማን፣ በመጀመሪያው ዝምታ ባለቤቴ መብራት የጠፋ መስሏት ሻማ ፍለጋ ተነሣች። ጎረቤታችን ስፒከሩን በጥፊ መታው። እኔ ደግሞ ወርቁን አግኝቼ ማስረዳት ስጀምር «አባባ፣ ዝምታው ላይ አይወራም!» ብላ አስቆመችኝ። በገዛ ስንዴዬ በተገዛ ዝምታ!