ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ማሽተቴ ግን አልተመለሰም

ጉንፋን ያዘኝ ላለ ሰው መልሳችን አንድ ነው፦ «ያልፋል! ዝንጅብል ጠጣ፣ ዳማከሴ ጨምቅ፣ በባሕር ዛፍ ታጠን።» በነሐሴ ሲይዘኝ ጠጣሁም፣ ታጠንኩም። ሳሉና ንፍጡ በሳምንቱ ለቀቁኝ። ማሽተቴ ግን እንደ ሄደ ኅዳር ገባ።

የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። እናቶች በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱት የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምጣድ ሥር ሲነድ ነበር መንጋቱን የማውቀው። አሁን ጭሱን አየዋለሁ እንጂ ጠረኑ የለም።

ጎረቤቴ ቡና ቆልታ እንደ ወጉ ጭሱን ስታዞር፣ ሌላው በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ «እሰይ!» ይላል። እኔ ፍሬውን አያለሁ፤ ጠቁሯል፣ ወዙ ያብረቀርቃል። ሲቀዳልኝም ትኩስ መራራ ውኃ ነው። ምላስ ብቻውን ጨዉን፣ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውንና መራራውን የመሰለውን ቢለይ ነው፤ ሽሮን ከምስር የሚለየው አፍንጫ ኖሯል። ሚጥሚጣው ያቃጥለኛል፣ ጣዕሙ ግን የለም።

ሽንኩርት ድስት ውስጥ ሲከስል የነገሩኝ ከአጥር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው። ወተቱ መበላሸቱን ልጄን እጠይቃለሁ። የቡታጋዝ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ የሚከረፋ ነገር የሚጨመርበት ሲያፈስ እንዲታወቅ ነው። ያ ማስጠንቀቂያ ለእኔ አይደርስም፤ ስለዚህ ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ ቁልፉን እፈትሻለሁ።

ከሁሉ የሚያደክመኝ ግን «እንኳን ዓይንህ አልሆነ» የሚለው ማጽናኛ ነው። ሐኪም ቤትም የተሰጠኝ መልስ ያው «ያልፋል» ነው። በኮሮና ጊዜ ስንቱ ሰው ማሽተቱን አጣ! ዛሬም ግን ከሕመም የሚቆጥረው የለም። የጉንፋንም ሆነ የኮሮና ቫይረስ በአፍንጫ ጣሪያ ላይ ሽታ የሚቀበሉትን ሕዋሳት ወይም ደጋፊዎቻቸውን ሊጎዳ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ያገግማሉ፣ ግን በዝግታ። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ የጀርመን ጥናት፣ ማሽተታቸው ከተጓደለ ሕመምተኞች መካከል ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንት ያሸተቱት ካላሸተቱት ይልቅ ተሽሏቸዋል። ባሕር ዛፍ ሞልቶ በተረፈበት ሰፈር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ራሴ አንብቤ ደረስኩበት። ጠዋትና ማታ ቅጠሉን በጣቶቼ አሽቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። ቅዝቃዜው ሽቅብ እስከ ዓይኔ ይሰማኛል፤ ሽታው የለም።

ኅዳር 12 ደረሰ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ከምሮ ለኮሰ። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው «ኧረ ይሄ ክርፋት ገደለን!» እያሉ ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ዓይኔ እያነባ ከእሳቱ አጠገብ ቆየሁ። እንደ እነሱ ባማርርበት ምን ነበረበት?