ለሳሎናችን ባለቤቶች

ቀን፦ አፕዴቱ ሲያልቅ ይሞላል

ለ፦ ክቡራን የቴሌቪዥን ስትሪሚንግ ሳጥንና ስቲክ አምራቾች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በገዛ ሳሎናችን የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ነታንያ፣ ከዱባይ እስከ ቦሌ፣ ስቲካችሁን ቴሌቪዥናችን ላይ ሰክተን የምንኖር ደንበኞቻችሁ ይህን ማመልከቻ የምናቀርበው በታላቅ ትሕትና ነው። ትሕትናውን ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ። «እስማማለሁ» ከሚል ቁልፍ በቀር መውጫ በሌለው ገጽ ፊት ሪሞት ጨብጦ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ከመድፋት ሌላ ምን ያደርጋል?

መሣሪያችሁ ቤታችን ሲገባ ደባል መስሎን ነበር። ቁመናው ከጣት ብዙም አይበልጥም፣ ምግብ አይጠይቅም፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸሽጎ ያድራል። የመጀመሪያው ምሽት ሳያልቅ ግን ኢሜይላችንን ጠየቀ፤ ቀጥሎ የምንኖርበትን ሰፈር፤ ቀጥሎ፣ ገና ምንም ሳንገዛ፣ የባንክ ካርዳችንን። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ሲበራ መጀመሪያ ምን እንደምናይ የሚወስነው እሱ ነው። ደባሉ አከራይ ሆነ፤ ሶፋውን በየወሩ እየከፈልን የገዛን እኛ ተከራይ ሆንን። ኪራዩም ባለበት አይቆምም። አማዞን በጃንዋሪ 2024 አሜሪካ ውስጥ ፕራይም ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያ አስገብቶ፣ ማየት የማይፈልግ በወር 2.99 ዶላር ይጨምር አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ዋጋው እስከ ሳንቲሙ ተተምኖ የተነገረን ግን ያን ጊዜ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ሮኩ በ2008 የመጀመሪያውን ሳጥኑን በ100 ዶላር ገደማ ሲያወጣ ሥራው ኔትፍሊክስን ማሳየት ነበር። ጉግል በ2013 ክሮምካስትን በ35 ዶላር ሲያመጣ ሪሞት እንኳ አልነበረውም፤ ስልክ ላይ የተመረጠውን ቴሌቪዥኑ ላይ ማውጣት ነበር የሚያውቀው። ዋጋው በወረደ ቁጥር መረቅናችሁ። ምርቃታችን የት እንደደረሰ የገባን የሒሳብ መዝገባችሁን ስናይ ነው። ሮኩ በ2024 ካስገባው 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 3.5 ቢሊዮን ያህሉ ማስታወቂያና የደንበኝነት ክፍያ ድርሻ የሚገኝበት ክፍል ገቢ ነው፤ ዕቃውን ራሱን የሸጠው በኪሳራ ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃውን ከገዛበት በታች እየሸጠ የሚከብር ነጋዴ ቢገኝ ጎረቤቶቹ ይዘውት ጠበል ይወርዱ ነበር። እናንተ ጠበል የማያሻችሁ ትርፋችሁ ያለው ሌላ ዕቃ ላይ ስለሆነ ነው። ያ ዕቃ አሁን ሶፋው ላይ ተቀምጦ የማታውን ዜና ይጠብቃል።

ስለ ትጋታችሁም ሳናመሰግን አናልፍም። ብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች «ኤሲአር» የሚባል ሥርዓት አላቸው። ማያው ላይ ካለው ምስል ወይም ድምፅ ናሙና ይወስዳል፤ ናሙናውን ሩቅ ካለ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ቤቱ ውስጥ ምን እየታየ እንደሆነ ይደርስበታል። ዲቪዲም ይጫወት፣ የሌላ ድርጅት ሳጥንም ይሰካ፣ ለብዙዎቹ ልዩነት የለውም። ቪዚዮ የተባለው አምራች 11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ የሚታየውን ከባለቤቶቹ ፈቃድ ውጭ በየሴኮንዱ ሰብስቧል ተብሎ ተከሶ፣ በ2017 ጉዳዩን 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ዘጋው። ለአንድ ቴሌቪዥን ሲካፈል 20 ሳንቲም ነው። በደርግ ዘመን የቀበሌ ጆሮ ጠቢ የነበረ ሰው ይህን ቢሰማ በሥራው ያፍር ነበር፤ እሱ ቢያንስ ሌሊት ይተኛል።

ስምምነትን ካነሣን የሮኩን የ2024 ብልሃት ማድነቅ ግድ ይላል። ድርጅቱ ክርክር ሲነሣ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ይልቅ በግልግል እንዲያልቅ የሚያስገድደውን ውሉን አሻሽሎ ማያው ላይ አወጣ። ተጠቃሚው «እስማማለሁ» እስኪል ድረስ በገንዘቡ የገዛው መሣሪያ አልታዘዝ አለው። የማይስማማስ? በ30 ቀን ውስጥ በወረቀት ጽፎ በፖስታ ይላክ ተባለ። ፊልሙን በቅጽበት ከአህጉር አህጉር የሚያደርስ ድርጅት «እምቢ» የምትለዋን ቃል ለመቀበል ግን ፖስተኛ ያስፈልገዋል። ለመስማማት አንድ ጣት፣ ላለመስማማት ቴምብር።

እንግዲህ መሣሪያው ተገጥሞ ማያው ላይ «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የተጠናቀቀው የእናንተ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ማስገባት የዘነጋችሁትን መመሪያ ተከራዮቹ እርስ በርስ እየተቀባበልነው ስለሆነ ለመዝገባችሁ ይሆን ዘንድ እነሆ።

ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ይሁን። ስቲኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ በቂ ኃይል አያገኝም፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል መሣሪያው ጠፍቶ ይነሣል። አብራው የመጣችውን አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ከካርቶኑ ጋር የጣለ ካለ ይፈልጋት፤ ስቲኩን ከቴሌቪዥኑ ሙቀት ታርቀዋለች፣ ዋይፋይ የመያዝ አቅሙንም ልታሻሽል ትችላለች። ራውተሩ ቅርብ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ይመረጥ፤ በመሐል ግድግዳ ከበዛ 2.4 ይሻላል፤ የኢንተርኔት ኬብል መዘርጋት የቻለ ከሁለቱም ተገላገለ።

ቀጥሎ ሴቲንግ ነው። የአማዞን ፋየር ቲቪ ላይ ፕሪፈረንስ፣ ከዚያም ፊቸርድ ኮንተንት ውስጥ ተገብቶ፣ ማንም ሳይጠራው መለፍለፍ የሚጀምረውን ቪዲዮ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ እዚያው ፕሪፈረንስ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ተከፍቶ የአጠቃቀም መረጃ መሰብሰቡና ማስታወቂያ ማነጣጠሩ ይጠፋል። ሮኩ ላይ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ አድቨርታይዚንግ ነው፤ የሮኩ ቴሌቪዥን ያለው ሰው «ስማርት ቲቪ ኤክስፒሪየንስ» የሚለውንም አይለፈው። ጉግል ቲቪ «አፕስ ኦንሊ» የሚባል ምርጫ አለው፤ ያልጠየቅነውን ምክር በብዛት ጠርጎ አፖቹን ያስቀርልናል። ይህ ሁሉ ማስታወቂያውን አያስቀርም፤ መሣሪያዎቹ ስለ እኛ የሚያወሩትን ግን ያሳጥራል። እነዚህን ማጥፊያዎች ከስንት በር ጀርባ ያኖራችኋቸው ልጆች እንዳይነኳቸው በማሰብ እንደሆነ እናምናለን። ልጆቹ በቀላሉ እንዲደርሱበት የተመቻቸው «ግዛ» የሚለው ቁልፍ ስለሆነ፣ ወላጅ የሆነ ሁሉ ለግዢ ፒን ያውጣ።

የእናቶቻችን አቤቱታ ለብቻው ይታይልን። ሪሞቱ ላይ ማይክራፎን አስቀምጣችሁ «የፈለጋችሁትን ተናገሩ» ትላላችሁ። የአማዞኗ አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። እማማ «ኢቢኤስን አምጪልኝ፣ ተባረኪ ልጄ» ይሏታል፤ እሷ የነገውን የአየር ጠባይ ትነግራቸዋለች። እማማ ተቀይመው ሪሞቱን ትራስ ሥር ይከቱታል፤ ቀጥሎ ያለው ምርጫ በቀስት ቁልፍ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ መልቀም ነው። መፍትሔው የተገኘው ከኪሳቸው ነው። የጉግል የድምፅ ጽሕፈት ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዩቲዩብ ሴቲንግ ከፍቶ በቲቪ ኮድ የማገናኛውን ቁጥር ስልኩ ላይ ላለው ዩቲዩብ መስጠት ነው፤ ከዚያ በኋላ እማማ ስልካቸው ላይ በአማርኛ ተናግረው ወይም በፊደላችን ጽፈው የመረጡት ትልቁ ማያ ላይ ይወጣል። ሮኩ ያለው ቤት የስልኩን አፕ ቢያወርድ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በስልኩ ማዳመጫ ይሰማል፤ ልጆች ሲተኙ እማማ ድራማቸውን ይቀጥላሉ። ስቲኩን ለአዲስ አበባ ዘመድ ስጦታ የሚልክ ሰው ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መባሉን ይመልከት፤ አካውንቱ በየትኛው አገር እንደተከፈተም ያስብበት፤ አንዳንዱ አፕ ድንበር ሲሻገር ቪዛ ይጠይቃል።

የመሣሪያዎቻችሁን ዕድሜ በተመለከተም ጥያቄ አለን። በማርች 2025 ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት፣ ያ በ2015 የወጣው፣ በየቤቱ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። አልወደቀም፣ አልተቃጠለም፤ ዲጂታል ሰርተፊኬቱ የ10 ዓመት ጊዜውን ጨርሶ ነበር። መታወቂያ ሳያሳድስ ቀበሌ የሄደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ለመሣሪያው ከልቡ አዝኗል። ጉግል በጥቂት ቀናት ውስጥ መድኃኒቱን ላከ፤ እስከዚያው ግን ማንም መሣሪያውን ሪሴት እንዳያደርግ አሳሰበ። ላለፉት ዓመታት የችግር ሁሉ መፍቻ ሪሴት ነው ስትሉን ኖራችሁ፣ በቁርጡ ቀን ሪሴት አድርጎ የተገኘው ሰው ባሰበት። ስለዚህ የእኛ ደንብ ይህ ነው፤ መሣሪያው ሲያስቸግር መጀመሪያ ከሶኬት ነቅሎ ትንሽ ማሳረፍ፣ ጎረቤትም ተቸግሮ እንደሆነ መጠየቅ፣ ሪሴት የመጨረሻው መጨረሻ።

በእናንተ ተማረው ስም የሌለው ሳጥን የገዙ ወገኖቻችን ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ገብተዋል። የዓለም ቻናል ሁሉ፣ ኳሱም ፊልሙም፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለዘላለም ነጻ ነው ተብለው ነው የገዙት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በጁን 2025 ስለ «ባድቦክስ 2.0» ሲያስጠነቅቅ የገለጸው እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ነው፤ አንዳንዱ ቫይረሱን ይዞ የሚወጣው ገና ከፋብሪካው ነው፣ ሌላው መጫኛ አፖቹ ሲወርዱ ይቀበለዋል። ጉግል በቀጣዩ ወር በመሠረተው ክስ ከ10 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች መጠቃታቸውን ገልጿል። እንዲህ ያለው ሳጥን የቤቱን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው ያከራያል፤ ሌላው የሠራው ወንጀል በእማማ አድራሻ ይመዘገባል። ሻጩ የጉግልን የደኅንነት ጠባቂ «ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፉት» ካለ ዕቃውን እዚያው መተው ነው። እናንተ ግን በዚህ ደስ አይበላችሁ። እናንተ በውል የምትወስዱትን እነሱ ያለ ውል ወሰዱ እንጂ፣ ሁላችሁም የተገናኛችሁት አንድ ሳሎን ውስጥ ነው።

ስለሆነም የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

1ኛ. መሣሪያው ሲበራ ትናንት ያቋረጥነውን ያሳየን። እናንተ እንድንጀምረው የምትፈልጉትን ከጠየቅን በኋላ ንገሩን።

2ኛ. መረጃ መሰብሰቡ ከፋብሪካ ጠፍቶ ይምጣ። የወደደ ሰው ያብራው፤ ጠቃሚ ነው ካላችሁ ተሰልፎ ያበራዋል።

3ኛ. እምቢታም እንደ እሺታ በአንድ ጣት ይፈጸም።

4ኛ. ዕቃው እስከ መቼ አፕዴት እንደሚያገኝ ካርቶኑ ላይ ይታተም። የወተት ፓኮ እንኳ የሚያበቃበትን ቀን አይደብቅም።

5ኛ. አሌክሳ ቢያንስ «ተባረኪ» ስትባል «አሜን» ማለት ትማር።

በመጨረሻም፣ ይህን ደብዳቤ እስከዚህ መስመር ድረስ በማንበባችሁ ከላይ የተዘረዘሩትን አምስቱንም ነጥቦች እንደተስማማችሁባቸው ይቆጠራል። የማትስማሙ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ በእጅ የተጻፈ፣ ቴምብር ያለበት ማመልከቻ በፖስታ እንድትልኩ እየጠየቅን፣ ፖስተኛው እኛን የሚያገኘን ከማስታወቂያው በኋላ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ይህን ሰላምታ ከ5 ሴኮንድ በኋላ መዝለል ይቻላል)

የሳሎኑ ተከራዮች

ግልባጭ፦
ለሕግ ክፍላችሁ፣ በወረቀት
ለማስታወቂያ ክፍላችሁ፣ ይዘቱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ለመረጃ ያህል
ለእማማ፣ በስልካቸው፣ በአማርኛ