ሽማግሌ የት ይቀመጥ?

ና ልጄ፣ እዚህ ጥላው ሥር ቁም። ቁም ያልኩህ ንቄህ አይደለም፤ የማስቀምጥህ ቦታ አጥቼ ነው። የቢላል አገር ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ አቁሜ ላነጋግረው! አባቶቼ ቢሰሙ ከመቃብራቸው ተነስተው ይቆጡኝ ነበር። ግን ምን ላድርግ? በሱማትራ ደሴት ሰሜን ጫፍ፣ በአቼ፣ በፒዲ አውራጃ፣ ከባሕሩ ሸሽታ ወደ ተራራው በተጠጋች በዚህች የሩዝ መንደር ሽማግሌ አረፍ የሚልበት ስፍራ ጠፍቷል። መንገድ ገብቷል፣ መብራት ገብቷል፣ ስልክ ገብቷል፤ ወንበር ብቻ አልገባም።

ወደ ቤት እንግባ እንዳልልህ ቤቱ የእኔ አይደለም። አትሣቅ! እኛ ዘንድ ቤት የሴት ነው። አባት ሴት ልጁን ሲድር ቤት ይሰጣታል፤ ባልየው ልብሱን ቋጥሮ ይገባባታል። እኔም ጢሜ ገና ሳያቆጠቁጥ እንዲሁ ገባሁ፤ ይኸው ጢሜ ነጥቶ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ ዛሬም እንግዳ ነኝ። ባለቤቴ ስትቆጣ «ለመሆኑ ይህ የማን ቤት ነው?» ትለኛለች። ሸሪዓውም አዳቱም፣ የአባቶቻችን ልማድ፣ ከእሷ ጋር ስለሆነ አፌን ዘግቼ እወጣለሁ።

ያኔ ግን እንግድነቱም ማዕረግ ነበረው። የድሮው የአቼ ቤት በእንጨት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ሰው ከሥሩ ሳያጎነብስ ያልፋል። ምስማር የሚባል አያውቅም፤ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ በሽብልቅ ይጠብቃል። የፊቱ ክፍል የወንዶችና የእንግዳ ነው፤ መካከለኛው፣ ከፍ ያለው፣ መኝታ፤ የኋለኛው የሴቶችና የምድጃ። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ የመጣ ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚገባው። አንድ ጥጋበኛ ጭቃ ሹም ግንባሩን ሲጋጭ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አላህ ይዘንለት፣ ከዚያ ወዲህ ትሕትና ለመደ። ምርጡ ስፍራ ግን ከወለሉ ሥር ነበር። ሩዙ የሚከተተው እዚያ፣ በእግር የሚረገጠው መውቀጫ እዚያ፣ ዶሮው እዚያ፣ ነፋሱ እዚያ። ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ጋደም ብሎ ራኑቡን፣ ያንን ከኖራ ጋር የሚታኘክ ቅጠላችንን፣ እያላመጠ በአላፊ አግዳሚው ላይ ይፈርድ ነበር።

ቤቱን ሸጥነው። ማለቴ፣ ሸጠችው። ምስማር የሌለው ቤት ጥቅሙ ተፈትቶ መጓዙ ነው፤ ጉዳቱም ያው ነው። ሽብልቁን በመዶሻ ኳ ኳ አድርገው አወጡት፤ ምሰሶውን ቆጥረው የጭነት መኪና ላይ ደረደሩት። አሁን ከተማ ውስጥ ቡና ቤት ሆኗል አሉ፤ ልጆች ደረጃው ላይ ፎቶ ይነሱበታል። በምትኩ የብሎኬት ቤት ቆመልን፤ ቆርቆሮ፣ ሴራሚክ፣ አየር የማያስገባ መስኮት። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ አለ። ሶፋው እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከሱቅ የመጣበት ፕላስቲክ አልወለቀለትም። አንድ ቀን ተቀመጥኩበት፤ በላብ ተጣብቄ ቆይቼ ስነሳ ያሰማው ድምፅ በእንግዳ ፊት የሚያሳፍር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሶፋውና እኔ ተከባብረን እንኖራለን።

«ታዲያ ሙናሳ ሂድ» ትለኝ ይሆናል። መች ቀረሁ! ሙናሳ የመንደሩ መስገጃ ነው፤ ትልቁ የጁምዓ መስጊድ የብዙ መንደሮች የጋራ ነው። ግን መስገጃ ብቻ አልነበረም፤ የወንዶች ቤት ነበር። ቤት የሌለን ፍጡሮች አይደለን! ወንድ ልጅ ነፍስ ሲያውቅ ማታ ማታ እዚያ ያድራል፤ ቁርአን እዚያ ይቀራል፤ መንገደኛ እዚያ ያርፋል፤ ሚስቱ የተቆጣችው ባል እዚያ ይጠለላል። ስንት ሌሊት እንደተጠለልኩ አልነግርህም። ከ1989 እስከ 1998፣ ዓመቱን በፈረንጅ ቆጥሬ ነው የምነግርህ፣ የኢንዶኔዥያ መንግሥት ጦር አማጽያንን አድናለሁ ብሎ አገራችንን ሲይዛት ወንዶች በሌሊት ተሰብስበው መገኘታቸው አስፈሪ ሆነ። በዚያ ላይ ቀልድ የለኝም። በነሐሴ 2005 ሄልሲንኪ ላይ በመንግሥቱና በአማጽያኑ መካከል ሰላም ሲፈረም ልጆቹ እናታቸው ቤት መተኛት ለምደው ነበር። ሙናሳውም በሲሚንቶ ታደሰ፣ ሴራሚክ ተነጠፈለት፣ ከሶላት በኋላ ይቆለፋል። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ቁልፍ ያዡ ጋ። ቁልፍ ያዡስ? እርሻ ላይ።

በአዳሪዎቹ ፈንታ ያገኘነው ድምፅ ማጉያ ነው። ቢላል፣ የእናንተው ቢላል፣ ያለ ኤሌክትሪክ አዛን ብሎ ስሙ እስከ ዛሬ እኛ አገር የሙአዚን መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የእኛው ልጅ ግን ከሱብሒ በፊት የተቀዳ ቁርአን ይከፍትና ራሱ ተመልሶ ይተኛል። መንደሩን ሁሉ ቀስቅሶ! የሃይማኖት ሚኒስቴር በ2022 ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ልጁ ዴሲቤል ምን እንደሆነ ስለማያውቅ መመሪያውን መጣሱንም አላወቀ።

የቀረኝ እርሻው ነበር። አየኸው አይደል፣ ከዚህ እስከ ተራራው ግርጌ ሩዝ ነው። ሩዝ ብቻህን አታርሰውም፤ ውሃው አንድ ነውና። ስለዚህ የውሃ ዳኛ አለን፣ ኩጁሩን ብላንግ እንለዋለን፤ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ ውሃውን በተራ የሚያካፍል፣ መቼ እንደሚዘራ የሚያውጅ፣ የሰው ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ እሱ ነው። ከመዝራት በፊት የእርሻው ሰደቃ አለ፤ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ እዚያው ሜዳ ላይ ይበላል። ዓርብ ቀን ማንም እግሩን ጭቃው ውስጥ አይከትም። ይህን ሁሉ ዛሬም እናደርጋለን፤ ሐሰት አልናገርም። ግን እንዴት እናደርገዋለን? ድሮ ሴቶቹ ሩዙን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ያመጡት ነበር። አሁን በወረቀት ሣጥን ታሽጎ ይመጣል፤ የበላው ሣጥኑን ቦዩ ውስጥ ይጥላል፤ በማግሥቱ የውሃ ዳኛው ቦዩ ተደፈነ ብሎ ደቦ ይጠራል። በሰደቃ የደፈንነውን በደቦ እንጠርጋለን!

የመዝሪያው ጊዜ የሚታወቀው በሰማይ ነበር። ጨረቃ ከጊንጥ ኮከቦች ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት እንቆጥራለን፤ አንዱን ወር በ23ኛው፣ ቀጥሎ በ21ኛው፣ ከዚያ በ19ኛው እያለ ሁለት ሁለት ይቀንሳል፤ ዝናቡንም ነፋሱንም ከዚያ እናነባለን። ስኑክ ሁርግሮንዬ የሚባል የሆላንድ ሊቅ ለቅኝ ገዥ መንግሥቱ ሊያጠናን መጥቶ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህንን ሁሉ በሁለት ጥራዝ ጽፎታል። የልጅ ልጄ ስልኩን ዳበስ አድርጎ «አቡሺክ፣ ነገ ይዘንባል» ይለኛል። አያቱ ነኝና አቡሺክ ይለኛል፤ ምክሬን ግን አይሰማም። የሆላንዱ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ሰማይ አይቷል!

ሩዙ ሲያፈራ ወፍ ይመጣል። ማማ ላይ ወጥቶ ገመድ እየሳቡ ቆርቆሮ ማንኳኳት የልጅና የሽማግሌ ሥራ ነበር። ምን የመሰለ ሥራ! ተቀምጠህ የምትሠራው፣ ብትተኛም ነፋሱ የሚሠራልህ። አሁን መረብ ይዘረጉበታል። አጨዳው ደግሞ በማጭድ፣ በደቦ ነበር፤ ነዶው ማታ ማታ በእግር ይረገጣል፤ ጎረምሳው ጉልበቱን የሚያሳየው ለሩዙ እንዳይመስልህ። ስንት ትዳር ከዚያ ወጣ! ዛሬ ኮምባይነር በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ የቀዳኸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ማሳውን ጨርሶ ይሄዳል። ማንንም ከማንም አያስተዋውቅም። በፊት በዓመት አንዴ ስንዘራ ከአጨዳ በኋላ እርሻው ለከብት ይለቀቅ ነበር፤ የውሃ ጎሹ እንደልቡ ይውልበታል። ፈጣን ዘርና መስኖ መጥቶ ሁለቴ መዝራት ሲጀመር ጎሹ የት ይዋል? ተሸጠ። እኔን የሚገዛኝ ስለጠፋ ነው ያለሁት።

ትዳር ካነሳን ማህሩን፣ የሙሽሪትን ጥሎሽ፣ ልንገርህ። በወርቅ ነው፣ በማያም ይቆጠራል፤ አንድ ማያም ከ3 ግራም ትንሽ ፈቀቅ ይላል። 15፣ 20 ማያም ሲባል ትሰማለህ፤ ወርቁ ደግሞ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አያውቅም። ጎረምሳው ሲያጠራቅም ይሸብታል። መሬቱም ላይ ያው ነው፤ የቸገረው ማሳውን በወርቅ ወለድ አገድ ይሰጣል፤ ወርቁን እስኪመልስ አበዳሪው ያርሰዋል። ወርቁ እንዲህ እየከበረ መቼ ይመለሳል? አያትየው በጨነቀው ጊዜ ያስያዘውን ማሳ የልጅ ልጁ የእኩል ያርሰዋል፤ የገዛ መሬቱን!

ቡና ቤቱስ? እሱም አለ። ቡናውን በረጅም የጨርቅ ማጥለያ ከፍ አድርጎ ሲያንዶቆዱቀው ማየት ደስ ይላል። እኛ ቆላዎቹ የምንጠጣው ሮቡስታ ነው። አረቢካው ተራራው ላይ፣ ጋዮዎች አገር ነው የሚበቅለው፤ ዘሩ ከእናንተ አገር እንደተነሳ አውቃለሁ፣ ወዲህ ያመጡት ሆላንዶች ናቸው። እሱ ወደ ውጭ ይጫናል፤ እኛ ሮቡስታችንን በስኳር እናባብለዋለን። ብቻ ዋይፋይ ገብቶ ነገር ተበላሸ። ልጆቹ አንዳንድ ብርጭቆ አዝዘው ከመግሪብ እስከ እኩለ ሌሊት ስልካቸው ውስጥ ይታኮሳሉ። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። አንድ ቀን አንዱ «አቡሺክ፣ ይቀመጡ» ብሎ ተነሳልኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የማን ልጅ ነው፣ አላህ ያሳድገው ስል ልጁ ወደ ማዶ እየሄደ ለጓደኛው «እዚያ ጋ ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይለዋል።

እኔ እኮ ከንቱ ሰው አይደለሁም። የቱሃ ፑዌት አባል ነኝ፣ የመንደሩ የሽማግሌዎች ሸንጎ። በ2008 በወጣው የአቼ ሕግ 18 ዓይነት ጉዳይ በመንደር በአዳት ይታያል፤ የባልና ሚስት ጠብ፣ ውርስ፣ ወሰን፣ ሰብል የገባ ከብት። አንድ የወሰን ክርክር ብዙ ቀን ያቆየን ነበር። አሁን የሚመጣልን እገሊት እገሊትን ፌስቡክ ላይ ሰደበቻት የሚል ነው። ስድቡን አንብቡልን ስንላቸው ሽማግሌ ፊት እናፍራለን ይላሉ። ካልሰማነው በምን እንፍረድ? እንዲሁ አስታርቀን፣ ቅጠል በሩዝ ዱቄት ውሃ ነክረን ረጭተን እንሸኛቸዋለን። ለአዲስ ሞተር ብስክሌትም ያንኑ ውሃ እንረጫለን፤ ሞተሩ ግን ተመልሶ አይሳደብም።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከጃካርታ ለየመንደሩ በጀት ይመጣል። ዝርዝሩ በትልቅ ባነር ይሰቀላል፤ ፊደሉ ስለሚያንሰኝ የማየው የጭቃ ሹማችንን ፎቶ ብቻ ነው። ቦይ በሲሚንቶ፣ መንገድ በሲሚንቶ። ለአንዲት የእንጨት አግዳሚ ስጠይቅ «በበጀቱ ርዕስ የላትም» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አልተበላሸም፣ እሱን ካልመሰከርኩ እጠየቅበታለሁ፤ ሙጋንግ። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በሁለቱ ኢዶችም ዋዜማ፣ አቼ ሁሉ ሥጋ ገዝቶ ይሠራል፤ ከሱልጣን እስክንድር ሙዳ ዘመን፣ ከ1607 እስከ 1636 ከነገሠው፣ የመጣ ነው ይባላል። ባዶ እጁን የመጣ ባል አማቱን ቀና ብሎ አያይም። ባለፈው አማቼ ከሜዳን ከተማ መጣ። ባለቤቴ የሥጋውን ፌስታል በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ መዘነችው፤ ሚዛን አያስፈልጋትም። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አማቼም የተማረ ልጅ ነው፤ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ገበያ ተመለሰ። ይህ ሥርዓት ባለበት መንደር ሁሉም ጠፍቷል አልልም።

እንግዲህ በሜዳን በኩል ከሆነ የምትመለሰው የእኛን ልጆች በየሱቁ ታገኛቸዋለህ፤ የፒዲ ሰው ንግድ አይፈራም። ማሳቸውን የእኩል አሳርሰው ሩዛቸውን በየአጨዳው ይቀበላሉ። የውሃ ዳኛው ድርሻ ግን ከየማሳው በሩዝ የሚከፈል ነው፤ ያለፈው አጨዳ አልተከፈለም፤ የሚቀጥለው ዘርም ደርሷል። ንገርልኝ። ገንዘቡን በስልክ እንልካለን ካሉህ የውሃ ዳኛው ስልክ የለውም በላቸው፤ ሩዙን ይላኩ።