ላንድክሩዘርን ተሳስቶ ለመለየት የሚሰጥ ምክር

ወላይታ ሶዶ የመንገድ ከተማ ናት። ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጣው ሁሉ ዳሞታ ተራራ ሥር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የገጠር ጭቃ የሚደፍረው ግን በአብዛኛው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ ታማሚ ያመጣል፣ ክትባት ያደርሳል። ይህን መኪና ከወንድሙ ጋር ማምታታት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። የምዘረዝረው ማንም እንዳይሄድበት ነው።

አንደኛ፦ በቁመናው ይፍረዱ። ሀርድቶፕ ሁሉ አንድ ነው ይበሉ። እውነትም 75 እና 78 የሚባሉት ሞዴሎች መንታ ይመስላሉ፤ ከኋላ ወደ ጎን የሚከፈት ጥንድ በር፣ ውስጡ ፊት ለፊት የሚያስተያይ አግዳሚ ወንበር። 75 ግን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1999 የተሠራ ነው፤ 78 እሱን የተካው በ1999 ነው። ጎንበስ ብሎ ላየ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የ75 ጎማ በ6 ቡሎን ይታሰራል፣ የ78 በ5። የ75 ፊት ባሌስትራ ላይ ተቀምጧል፣ የ78 ሞላ ላይ።

ሁለተኛ፦ ስቴሽን ዋገኑን ከሩቅ አይተው ይወስኑ። 100 እና 105 እ.ኤ.አ. በ1998 አብረው የወጡ፣ አካላቸው የሚመሳሰል መኪናዎች ናቸው። ከፊታቸው ሥር ያጎነበሰ ሰው ግን አይሳሳትም። 105 ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ድፍን አክስል አለው፤ በ100 ላይ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ይነሣል፣ ይወርዳል።

ሦስተኛ፦ ሊብሬውን ቤት ትተው መለዋወጫ ይግዙ። «የሀርድቶፕ ስጡኝ» ማለት ይበቃል ብለው ያስቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ 75 እና 78 ያንኑ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ስለያዙ የሞተሩ ዕቃ ይስማማል፤ ባለቤቱም የእግሩ ዕቃ የሚስማማ ይመስለዋል። አይስማማም።

ይህ ስሕተት የሚገለጠው ገበያ መሃል አይደለም። ወደ ገሱባ ወይም ወደ በሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ጎማ ሲፈነዳ ነው። ክሪኩ መኪናውን አንሥቷል፤ የተበደሩት ቸርኬ ተጠግቶ ይቆማል። ስድስት ቀዳዳ ያለው ቸርኬ አምስት ቡሎን ላይ አይገባም። ከኋላ ምጥ የያዛት እናት ተኝታ ከሆነ፣ ያ አንድ ቡሎን የሰው ሕይወት ዋጋ አለው።

ስለዚህ ሾፌሮችና የንብረት ክፍል ሠራተኞች ሆይ፣ ከሶዶ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ጻፉ፣ የመጠባበቂያ ጎማውንም ቀዳዳ ቁጠሩ።