ከናፍቆታችሁና ከክሬዲቴ በቀር ደኅና ነኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለትርፌ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬ፣ አባባ፣ ጋሼ፣ ልጆቹ፣ ያቺ የማትሞተው ድመት ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከክሬዲት ነጥቤ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ። ጋሼ የድምፅ መልእክቴን በእጥፍ ፍጥነት እንደሚያዳምጠው ስለነገርሽኝ በጽሑፍ መጥቻለሁ፤ እስቲ ይህን ያፍጥነው። ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ የባንኩ ነገር ሲበዛ እንደለመድሽው ዝለይ። አባባ ካሉ ግን ስለ ትዳራቸው የሚያወራውን ቦታ እንዳትዘዪ፤ እንደሚስቁ ዋስ ነኝ። (ዋስ የሚለውን ቃል በቀልድ መጻፍ የቻልኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ገና ነው።)

"ቤት የማትገዛው ለምንድን ነው?" እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ አምና ለመስቀል ሰሞን ተነሣሁ። ፌንተን ጎዳና ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ የሞርጌጅ ሥራ የሚሠራ ሀበሻ አገናኙኝ። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ቁጥሬን አየ፣ ቡናውን አስቀመጠ። 541።

ይህ ቁጥር ፋይኮ ይባላል። ከ300 ይጀምርና 850 ላይ ያልቃል። ዜሮ የለውም፤ ምንም ብታጠፊ 300 ይሰጡሻል፣ ለመምጣትሽ መሰለኝ። ቁጥሩን የፈጠረውን ድርጅት በፈረንጆች 1956 ያቋቋሙት አንድ መሐንዲስና አንድ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ የመሐንዲሱ ስም ፌር ነው። ፌር ማለት ፍትሐዊ ማለት ነው። ቀልዴን አይደለም።

ሰውዬው ናፕኪን ላይ አሰላልኝ። 580 ብደርስ መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው ብድር 3.5 በመቶ ቅድሚያ ከፍዬ እገባለሁ፤ የ300 ሺህ ዶላር ቤት ከሆነ 10,500 መሆኑ ነው። ከ580 በታች ግን 10 በመቶ አምጣ ይባላል፤ 30 ሺህ። የጎደለኝ 39 ነጥብ፣ ልዩነቱ 19,500 ዶላር። አካፍዪው፤ አንዷ ነጥብ 500 ዶላር ትመጣለች። ናፕኪኗን ይዣት ሄድኩ፣ ፍሪጁ ላይ አለች።

እንዴት 541 ደረስክ ትይኛለሽ። ያ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ልጅ ነው፤ ፎቶውን ልኬልሽ "ዓይኑን አልወደድኩትም" ያልሽው። መኪና ሊገዛ "ኮሳይን አድርግልኝ" አለኝ፤ ዋስ ሁነኝ ማለቱ ነው። አገር ቤት ዋስ የሆንሽለት ሰው ሲጠፋ ቢያንስ ሽማግሌ ይላክብሻል፤ እዚህ ማንም ምንም ሳይልሽ ነጥብሽ ብቻ ትወርዳለች። አራት ወር ሳይከፍል ቆይቶ መኪናዋን ይዞ ሌላ ስቴት ገባ። የቀረውን እኔ ከፍዬ ዘጋሁ፤ መዘግየቱ ግን ሰባት ዓመት ስሜ ላይ ይቆያል። ተዝካር እንኳ ከሰባት ዓመት አያልፍም። አዎ፣ ልክ ነበርሽ። ይህን መስመር በቀይ አስምሪና ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ሌላው የራሴ ጥጋብ ነው። የትልቋን ካርድ ዕዳ ጨርሼ የከፈልኩ ቀን በመቀስ አራት ቦታ ቆርጬ፣ ደውዬ አዘግቼ፣ ሽሮዬን እንደ ነጻ ሰው በላሁ። ለካ ዕዳ የሌለበት ሰው እዚህ አይታመንም። የቀረችኝ ካርድ የምትፈቅደው 500 ዶላር ብቻ ነበር፤ በእሷ ላይ 480 ነበረብኝ፤ 96 በመቶ በላህ አሉኝ። የሚወደደው ከ30 በመቶ በታች ነው። ያ 480 ዶላር፣ ለማወቅ ያህል፣ ጋሼ እኔን በእጥፍ ፍጥነት የሚያዳምጥበት ስልክ ነው።

በዚያ ሰሞን ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ ከዓይኔ አልጠፋ አሉ። ያቺ ጥግ ጥጓ ዘይት የጠጣች ደብተር፣ በሲባጎ የታሰረችው እርሳስ፣ ምላሳቸው ላይ አስነክተው "የጸጋዬ ቤት፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ ላምባ አንድ ጠርሙስ" ብለው ሲጽፉ። አባባ ደመወዝ ሲቀበሉ ሁለት መስመር ይሰረዝና አለቀ። ወር ካለፈ ጋሽ ሰይድ የሚያደርጉት እማዬ ስታልፍ "እሺ" የምትለዋን ቃል ትንሽ ረዘም ማድረግ ብቻ ነበር። እኔ ግን የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ 14 ሆነን በወር 500 ዶላር ዕቁብ ስንጥል ስድስት ዓመት አንድም ቀን አላጓደልኩም፤ በረዶ መንገድ በዘጋ ቀን በእግሬ ሄጄ ለዳኛው አስረክቤአለሁ። ይህን ለአንድ የባንክ ሰው ብነግረው "የት ነው የተመዘገበው?" አለኝ። "ዳኛው ማስታወሻ ላይ" አልኩት። ጻፈው። ከዚያ ሰረዘው።

መድኃኒቱን ብትሰሚ ደግሞ ትስቂያለሽ። 300 ዶላሬን ለባንክ በመያዣ ሰጠሁ፤ ባንኩ 300 ዶላር የምትፈቅድ ካርድ ሰጠኝ። የራሴን ገንዘብ ለራሴ አበደሩኝ፤ እኔም በየወሩ 20 ዶላር ቤንዚን እየቀዳሁባት ሒሳቡ በመጣ ቀን እያመሰገንኩ እመልሳለሁ። ታምኛለሁ ማለት ነው።

ዋናው ጉድ ግን ሞክሼዬ ነው። የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙ ሦስት መዝገብ ቤቶች አሉ፤ ሪፖርቱ በነጻ ይገኛል። ነጻ ነገር ላይ ታውቂኛለሽ፣ ሦስቱንም አወጣሁ። አንደኛው ላይ ሚኒሶታ ላለ የጥርስ ሐኪም 1,140 ዶላር አለብህ ይላል። ሚኒሶታን ረግጬ አላውቅም፤ ጥርሴን ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ፈረንጅ "ጸ" የምትባል ፊደል አልተሰጠውም። አንዱ መሥሪያ ቤት አባባን በ"ት" ጀመራቸው፣ አንዱ በ"ስ"፣ አንዱ በ"ዝ"። ስለዚህ እኔ በአሜሪካ ምድር ሦስት ሰው ነኝ፤ ሦስታችንም ቤት የለንም። ከሦስታችን አንዱ ሚኒሶታ ካለ ሌላ የጸጋዬ ልጅ ጋር ፋይሉ ተቀላቅሏል። እዚህ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነውና ዕዳ ጠያቂው ሁሉ "ሚስተር ጸጋዬ" እያለ ይጽፍልኛል። ዱቤ አንድ ቀን አሳልፈው የማያውቁ አባባ ሚኒሶታ ውስጥ በጥርስ ሐኪም ይፈለጋሉ። ዕድር ላይ እንዳይወራ።

ለመዝገብ ቤቱ ደወልኩ። ሃምሳ ደቂቃ አንድ ዓይነት ፒያኖ ካዳመጥኩ በኋላ ድምፅዋ ማር የሆነ ሴት መጣች። "ስምህን ፊደል በፊደል ንገረኝ።" "ት" ብዬ ጀመርኩ። "ት እንደ ምን?" እዚህ አገር ፊደል እንኳ ያለ ምስክር አይታመንም። አፌ ላይ የመጣው "እንደ ጤፍ" ሆነ። ጤፍ እህል መሆኑን፣ እህሉ እንጀራ እንደሚሆን፣ እንጀራው መብልም ሳህንም እንደሆነ ሳስረዳ ስድስት ደቂቃ ሄደ። "ግሉተን አለው?" አለች። የለውም አልኳት። ጻፈችው መሰለኝ።

"የትውልድ ቀን?" "ጃንዋሪ 1።" እማዬ ይቅር በይኝ፤ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወረቀቱ ግን እንዲያ ነው የሚለው። ጋራዡ ውስጥ አራታችን የተወለድነው ጃንዋሪ 1 ነው፤ በአንድ ኬክ እንገላገላለን።

"የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም?"
"ያው ስሟ ነው።"
"ከጋብቻ በፊት ማለቴ ነው።"
"ከጋብቻ በፊትም።"
"ከጋብቻ በኋላስ?"
"በኋላም።"

ዝም አለች። ከዚያ እንደ ለቅሶ ደራሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እንግዲያው እናትህ አላገባችም ማለት ነው?" አለችኝ።

አባባ! አርባ ምናምን ዓመት ትዳር፣ አምስት ልጅ፣ እስከ ዛሬ የሚወራ ሰርግ! "ኧረ አግብታለች! እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም!" ብዬ ጮህኩ፤ የጎረቤቴ ውሻ ጮኸ። "እንዴት ዘመናዊ ናችሁ!" አለች። ይህቺን ለእማዬ ሁለት ጊዜ አንብቢላት።

"አሁን ስለራስህ አራት ጥያቄ እጠይቅሃለሁ" አለች። ስለራሴ! ማትሪክም እንዲህ በሆነ ብዬ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ።

"የጀልባህን ብድር የሰጠህ ከእነዚህ ባንኮች የትኛው ነው?"

ጀልባ! ሐይቅ ላይ ታንኳው ውስጥ የሆንኩትን ታስታውሻለሽ፤ ያን ቀን የነበረ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው። "ከእነዚህ አንዱም" አልኳት። "እሺ" አለች፤ የጋሽ ሰይድ ዓይነት ረዘም ያለች "እሺ"። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጥያቄ የሞክሼዬ ኑሮ ነበር። ሰውዬው ደህና ኖሯል። እንኳን ጥርሱን ታከመ።

በመጨረሻ አራት አድራሻ አነበበችልኝና የኖርክበት አለ ወይ አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ዝም አልኩ። እንደመጣሁ የተከራየኋት የምድር ቤት ክፍል ናት፤ መስኮቷ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚያልፍ ሰው ጫማው ብቻ ይታያል። "ቤቱ ሰፊ ነው" ብዬ የላክሁላችሁ ፎቶ የአከራዬ ሳሎን ነበር። በዚያ ክረምት በጫማው የማውቀው አንድ ፖስተኛ ነበረ፤ አንድ ቀን ከዘገየ እጨነቅ ነበር። ያን ክፍል አንድም ሰው መጥቶ አላየውም፤ እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር። እነሱ ከነክፍል ቁጥሩ ጽፈውታል። "ሄሎ? አለህ?" አለች። "አለሁ፤ ሦስተኛው የኔ ነው" አልኳት።

ከአራት አንድ። ከጋሼ የማትሪክ ሒሳብ ይሻላል።

"ይቅርታ ሚስተር ጸጋዬ፣ አንተ አንተ መሆንህን ማረጋገጥ አልቻልንም።"
"እና ማን ነኝ?"
"እሱን ልነግርህ አልችልም፤ የግለሰቡ ምስጢር ነው።"

መታወቂያዬንና የመብራት ደረሰኜን ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ ጥርሱም ጀልባውም የኔ እንዳልሆኑ ጽፌ በአደራ ደብዳቤ ላክሁ። በሕግ 30 ቀን አላቸው። በ26ኛው ቀን መልስ መጣ፤ ሁለቱም ከላዬ ወረዱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለጀልባዋ ትንሽ ከፋኝ።

ዛሬ ሦስቱ መዝገብ ቤቶች 631፣ 647 እና 660 ይሉኛል። ባንኩ መካከለኛውን ነው የሚወስደው፤ 647 ነኝ። የባንክ ቀጠሮዬ ለጥር ነው፤ እስከዚያ አዲስ ካርድ እንዳላወጣ፣ ሶፋ በዱቤ እንዳልገዛ፣ ለማንም እንዳልፈርም የሞርጌጁ ሀበሻ አስጠንቅቆኛል።

ስለዚህ አደራሽን። ጋሼ ስለዚያ "ትንሽ ነገር" ሊደውልልኝ እንዳሰበ ሰምቻለሁ፤ ስልኩ ተበላሽቷል በይው። ጋሽ ሰይድንም ሰላም ብለሽ ደብተሩን አስፈትሺልኝ፤ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በአባባ ስም የወሰድኳቸው 12 ደስታ ከረሜላዎች ነበሩ። ካሉ ከፍለሽ አሰርዢልኝ፣ ከጥር በፊት። ሁለት መስመር መሰረዙንም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ፣
የጸጋዬ ልጅ (በ"ት" የሚጀምረው)