«ባትሪው ነው»

የአሮጌ ሞተርሳይክል የኤሌክትሪክ ሕክምና በአገራችን እጅግ ረቅቋል። ስታርቱን ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ማየት እንኳ አያስፈልገውም፤ ከተቀመጠበት ሆኖ «ባትሪው ነው» ይላል። ቴስተር የሚያወጡ ሰዎች አሉ ይባላል። በደንብ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፣ ስታርት ሲደረግ ከ10 በታች ከወረደ ይጠረጠራል እያሉ ይቀባጥራሉ። በልምዳቸው የማይተማመኑ ምስኪኖች!

አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ያው «ቀጭ» ከመጣ ምርመራው ይጠልቃል፤ ሞተሪኖው ነው። ቀጥሎ ሪሌው። ቀጥሎ የቁልፉ ቤት። የሚገዛው ዕቃ ሁሉ አንድ አንድ ጥርጣሬ ስለሚያስወግድ ሳይንሱ እንከን የለውም፤ የጎደለው ወጪውን የሚችል ደንበኛ ብቻ ነው። ካንዴላውም በዚያው ይቀየራል። ሞተሪኖው ጭራሽ ባይዞርም ካንዴላ ሳይቀየር ከጋራዥ መውጣት ነውር ነው።

ከሻሲው ጋር የምትታሰረዋን የማሳ ሽቦ ግን የሚነካት የለም። ጫፏ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ብሎኑን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ ለማጥበቅ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ታዲያ ለዐሥር ደቂቃ ሥራ ምን ተብሎ ይጠየቃል? ስለዚህ ከአሮጌው ባትሪ ተፈትታ በክብር አዲሱ ላይ ትታሰራለች። ከኤሌክትሪኩ ወገን አሁን ኦሪጅናል የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሞተሯ ለሽያጭ ስትቀርብም ደላላው አይዋሽም፦ «ሁሉ ነገሯ አዲስ፣ በግፊት የምትነሳ»።